«የሚሆነኝን ሥራ በምን አውቃለሁ?» ለምትሉ የሐዋሳ ተመራቂዎች

ይድረስ ለልጆቼ፣

ዘንድሮ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ልጅ «ጋሼ፣ የሚሆነኝን ሥራ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ጥሩ ጭንቅላት ያላቸው ልጆች ስፌት ፋብሪካ ገብተው፣ ገና ነገሩ ሳይገባቸው «ሥራው አልተመቸኝም» ብለው ሲወጡ ማየት ያንገበግባል። ሥራውን እኮ አላዩትም፤ ያዩት ጫጫታውን ነው።

ስለ ሲቪ፣ ስለ አለባበስና ስለ ሰዓት ማክበር አልጽፍላችሁም። የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ያለፈ ሰው ያንን አያጣውም። እኔ የምነግራችሁ ሥራ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ነው፤ ምሳሌዬም እዚሁ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰፋ ሸሚዝ ነው።

ጀማሪ ኢንጂነር መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ጊዜ መለካት ነው። ዲግሪ ተሸክሞ ሰዓት ይዞ መቆም ለብዙዎቻችሁ ውርደት ይመስላችኋል። የዛሬ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢሮና ላፕቶፕ ነው የምትጠብቁት፤ ብትቆጡኝም እውነቱ ይኸው ነው። ለማንኛውም፣ ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ጋ ስትሄዱ ከኋላዋ አትቁሙ፤ ከጎን ሆናችሁ ሰላም በሏት፣ ለምን እንደምትለኩ ንገሯት። ብዙዎቹ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ናቸውና ሁለት ሦስት ቃል ሲዳሙ አፎ መቻል ከሰዓቱ የበለጠ ይሠራል። አንድ ዙር የሚባለው አንዱን ሸሚዝ ካነሳችበት ቅጽበት ቀጣዩን እስክታነሳ ያለው ነው። 10 ዙር ለኩ። ክር ከተበጠሰ ወይም የታችኛው ክር ካለቀ ለብቻው መዝግቡት እንጂ ከአማካዩ ጋር አትቀላቅሉት። አማካዩ 40 ሰከንድ ወጣ እንበል። በዓይናችሁ ገምታችሁ አሠራሯ ከመደበኛው ፍጥነት 90 ከመቶ ነው ካላችሁ 36 ሰከንድ ይሆናል፤ ለድካም፣ ለውሃና ለመጸዳጃ 15 ከመቶ ሲጨመርበት 41.4 ሰከንድ። የሥራው መደበኛ ጊዜ የሚባለው ይህ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው «90 ከመቶ» ያላችሁበት ቦታ ላይ ነው። ሰዓት ስታይ አንዷ ፈርታ ትፈጥናለች፤ ሌላዋ ኮታ እንዳይጨመርባት ታዘግማለች። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና ለኩ። የጠዋቱና የከሰዓቱ በጣም ከተራራቀ ወረቀቱን ቅደዱት።

አሁን ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን የስፌት መስመር በሙሉ እዩት። ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የእያንዳንዷ ሠራተኛ ድርሻ በ36 ሰከንድ ያልቃል እንበል፤ ይህ በሰዓት 100 ሸሚዝ ነው። ኮሌታ መግጠሙ ግን 48 ሰከንድ ከወሰደ መስመሩ 75 ብቻ ይሰጣል፤ የቀሩት የቱንም ያህል ቢሮጡ ለውጥ የለውም። ይህንን ያለ ሰዓትም ታዩታላችሁ፦ ከፊቷ ሥራ ተከምሯል፣ ከእሷ ቀጥላ የምትሠራው እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ሱፐርቫይዘሩ ይጮህባታል። ጩኸት 12 ሰከንድ አይቀንስም። እጇን ተመልከቱ፤ የተረፈውን ክር ራሷ የምትቆርጥ ከሆነና ያ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ መቁረጡን ለረዳት ስጡ። 38 ሰከንድ ቀረ ማለት ነው፤ በሰዓት 94 ሸሚዝ። ኮሌታው ከአንገቱ ጋር አልገጥም እያለ የምትጎትተው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ጨርቁ ላይ የሚደረገው የመገጣጠሚያ ምልክት ቆረጣ ክፍል ተዛብቷል። ወደዚያ ውረዱ።

ለልጁ የመለስኩለትም ይህንኑ ነው። ያ ክምር ካሳከካችሁ፣ መንስኤውን ሳታገኙ ምሳ አልበላ ካላችሁ፣ የምርት ሥራ ይሆናችኋል። ክምሩን ትታችሁ ልጅቷ ለምን እንደከፋት ማወቅ ካሰኛችሁ የሰው ኃይል ክፍል ሞክሩ። ዓይናችሁ የተጣመመው ስፌት ላይ ከተተከለ ጥራት ቁጥጥር አለ። ቁጥሩን ሠንጠረዥ ላይ መደርደሩ ብቻ ካስደሰታችሁ ዕቅድ ክፍል ነው ቦታችሁ። ይህንን ፒያሳ ቡና እየጠጡ፣ የቴሌግራም ቻናል እያገላበጡ ማወቅ አይቻልም።

በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሙከራው የእናንተም ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳይሆንላችሁ ቢቀር ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ስትወጡ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቁ፤ የሥራ መደቡ ብቻ ሳይሆን ምን ትሠሩ እንደነበር ቢጻፍበት ይመረጣል።

መጀመሪያ ላይ ደሞዝ አትዩ እላለሁ። ደግሞ አስሉትም እላለሁ፤ የቤት ኪራይ ምክር አይቀበልማ። 10,000 ብር ሲባል 1,650 የገቢ ግብር፣ 700 ጡረታ (7 ከመቶ) ተቀንሶ እጃችሁ የሚገባው 7,650 ነው። ሰርቪስና ምሳ አለ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ድርጅት ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ትልቁ ስም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ነበር፤ በ2014 ኅዳር እንደሚወጣ አስታወቀ፣ ሳይቆይም ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ተሰረዘች። ዙር መለካት የቻለ ልጅ ያንን ችሎታ ዳቦ ፋብሪካም ውሃ ማሸጊያም ይዞት ይገባል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ስትባሉ «መስመሩን አሥር ደቂቃ ልየው» በሉ። በማሽኖቹ መካከል ያለውን ክምር፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጨርቅ፣ የሠራተኛውን መጸዳጃ ቤት እዩ። አይቻልም ካሏችሁ ለምን እንደማይቻል ጠይቁ፤ የገዢ ምስጢር ነው ካሉ ያስኬዳል፣ ከተቆጡ ግን ሌላ ቦታም አመልክቱ።