እምነታቸው በፍርሃት ለዛለባቸው ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰላመ እግዚአብሔር አይለያችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን በዚህችው በድሬዳዋ በነርስነት ፈጽሜ በጡረታ የምኖር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ከእናንተ ጋር መጫወት የምወድ አረጋዊ ነኝ። በእነዚያ ጨዋታዎች መካከል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር አለ። አንዱ «ጋሼ፣ ጸሎቴ ከከንፈሬ አያልፍም» ይለኛል፤ ሌላዋ «ማስቀደሱን አልተውሁም፣ ልቤ ግን አብሮኝ አይገባም» ትላለች፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር መምጣቱን ያቆማል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ከእምነቱ መዛል አስቀድሞ የገባ ፍርሃት አገኛለሁ፤ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የማጣት ፍርሃት፣ በጂቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ስለጠፋ ጓደኛ የሚያድር ሥጋት፣ የአገር ሰላም መናጋት፣ ሌሊት ሌሊት በስልክ የሚመጣ ወሬ። በቃል የመለስሁላችሁ ሁልጊዜ አጭር ስለነበረ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ወደድሁ።

ፍርሃት ብቻውን እምነትን ያፈርሳል ብዬ አላምንም። በሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ቆሜ ካየኋቸው ምእመናን ብዙዎቹ እየፈሩ ያምኑ ነበር፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «አቡነ ዘበሰማያት» ይሉ ነበር። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ለደቀ መዛሙርቱ ሲናገር ጭንቀቱን አልሸሸገም። ፍርሃት የሚያፈርሰው ሌላ ነገር ነው፤ እምነት እያልን የምንጠራውን፣ በልባችን ከእግዚአብሔር ጋር የተዋዋልነውን ውል ነው። «እኔ እጾማለሁ፣ እርሱ ቤቴን ይጠብቃል፤ እኔ አስቀድሳለሁ፣ እርሱ ከፈተና ያሳልፈኛል» የሚለው ውል በደኅናው ቀን ከእምነት ተለይቶ አይታወቅም። ክፉው ቀን ሲመጣ ውሉ ይፈርስና እምነታችን የፈረሰ ይመስለናል። ያንኑ ውል መልሶ ለመገንባት የሚደክም ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ፍርሃት ዳግመኛ ይፈርስበታል።

ይህን ለመረዳት እኛ የምሥራቅ ሰዎች ሩቅ መሄድ የለብንም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ የደንገጎን ዳገት እየወጣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ፤ ከእናንተም በእግራችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የስለት ታሪክ አለው፤ ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የተሳሉትን ለመፈጸም እንዳሠሩት አባቶች ይናገራሉ። ስለት መሳልን አልነቅፍም፤ እኔም በስለት የተወለድሁ ልጅ ነኝ ይሉኛል። ነገር ግን በታኅሣሡ በዓል የሚታሰበውን ልብ በሉ። የሚታሰበው ሦስቱ ወጣቶች፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ናቡከደነፆር ካስጣላቸው የእሳት እቶን የዳኑበት ነው። ለንጉሡ የሰጡት መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል፤ አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል አሉ፣ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ይህን ሲናገሩ እሳቱ እየነደደ ነበር፣ መልአኩም ገና አልታየም። ጃንጥላና ጧፍ ይዘን የምንወጣው ሰዎች መዳናቸውን እናስታውሳለን፤ ከመዳናቸው በፊት የተናገሩትን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ግን መንገድ ላይ ጥለነው እንደርሳለን። በፍርሃት የዛለ እምነት መልሶ መቆም የሚችለው በዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ ነው። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብሎ የሚጀምረውን መዝሙር 90 ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በክፉ ቀን ከዚያ የበለጠ ጸሎት አላውቅም። ሆኖም ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ፈታኝም የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። መዝሙሩን እግዚአብሔርን ለመጠጋት የሚደግም አለ፤ ምንም እንዳይነካው ዋስትና ለማስፈረም የሚደግምም አለ። ሁለቱን ከውጭ መለየት አይቻልም፤ እያንዳንዳችሁ ግን በውስጣችሁ ታውቁታላችሁ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ አብዛኞቻችሁ ወይ ሕፃናት ነበራችሁ፣ ወይ አልተወለዳችሁም። በጋውን አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ ከደጋው በወረደው ዝናብ በድንገት ሞልቶ፣ በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ጎርፉ የሚጸልየውን ከማይጸልየው፣ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ አልለየም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ቁስላቸውን ስናጥብላቸው «እግዚአብሔር የት ነበረ?» እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ እነዚህን ሰዎች ዝም ለማሰኘት ይሞክሩ ነበር። እኔ ግን ለእነርሱ አልሠጋሁም። የሚያማርር ሰው የሚያማርርበትን አልተወም፤ ዳዊትም «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ሲጮህ ቃሉ መዝሙር ሆኖ ቀርቶልናል። ያሳስበኝ የነበረው ምንም የማይለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛው ነበር። ስለዚህ በጸሎታችሁ ውስጥ ፍርሃታችሁንና ቅሬታችሁን ለማስገባት አትፈሩ። ያማረ ቃል እስኪመጣላችሁ ከጠበቃችሁ ጸሎቱም አይጀመርም።

እግዚአብሔር የፈራን ሰው እንዴት እንደሚያክም ማየት የሚፈልግ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የኤልያስን ታሪክ ያንብብ። በነርስነቴ ደጋግሜ የተመለስሁበት ምዕራፍ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ኤልዛቤል ልትገድለው መዛቷን ሲሰማ ሸሸ፤ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ያን ሁሉ ተአምር ያየ ሰው በአንዲት ሴት መልእክት እንዲህ ሆነ ብላችሁ አትደነቁ፤ ከታላቅ ድካም በኋላ የሚመጣ ፍርሃት ጠባዩ ይህ ነው። መልአኩም ቀርቦ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነትም አላስተማረውም። ዳሰሰው፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም አልነቀፈውም፣ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው እንጂ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀናት በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ከጥያቄውም በኋላ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፤ በእርሱ ፈንታ ነቢይ የሚሆነውን ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ፤ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ላለቀሰውም በዓል ለተባለው ጣዖት ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ከዚያም ጥያቄ፣ ሥራና ባልንጀራ፤ ይህን ቅደም ተከተል ከየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት የተማርሁት አይመስለኝም።

እንግዲህ ከእንቅልፉ እንጀምር። ይህን ስናገር እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በከተማችን ከሰዓት በኋላ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን በምርቃና ሲያስብና ስልክ ሲነካካ አድሮ፣ ንጋት ላይ ልቡ እየደለቀ «እግዚአብሔር ራቀኝ» የሚል ወጣት ጥቂት አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚሰማው ባዶነት ገሚሱ የቅጠሉ፣ ገሚሱ የእንቅልፍ ማጣቱ መሆኑን ሳያውቅ ስለ ነፍሱ ትልቅ ፍርድ ይፈርዳል። በእኩለ ሌሊት ስለ እምነታችሁ ምንም አትወስኑ። ተኙ፣ ጠዋት ቁርስ ብሉ፤ የጾም ቀን ከሆነም እስከ ሰዓቱ ታገሡ፤ ከዚያ በኋላ እናስብበት።

ቀጥሎ ጸሎቱ ነው። እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የከረመ ሰው ጀሶው ሲፈታለት እግሩ ቀጥኖ፣ ጡንቻው ሟሙቶ ያገኘዋል፤ «ሲበረታልኝ እረግጥበታለሁ» ይላል። እኛ ደግሞ ስትረግጥበት ይበረታል እንለዋለን። የጸሎት ፍላጎት እስኪመለስላችሁ የምትጠብቁ ልጆቼም እንደዚያ ሰው ናችሁ። አጀማመራችሁ ግን ትንሽ ይሁን። ንስሐ ገብቶ በማግሥቱ መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ በሙሉ ልድገም የሚል ወጣት ሳምንት ሳይሞላው ሲያቆም፣ ማቆሙ አዲስ የተስፋ መቁረጥ ምክንያት ሲሆንበት አይቻለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ አቡነ ዘበሰማያት፣ ማታ አንድ መዝሙር፣ ቢቻል የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ይህ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። በመካከሉ «አሁንስ አመንሁ ወይ?» እያላችሁ ራሳችሁን አትለኩ። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ እንጂ እምነቱ እስኪሞላ ድረስ ልጁን በቤቱ አላቆየውም፤ ልጁም ተፈወሰለት።

ከጸሎት ጋር አብሮ መገኘት አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከመሰባሰብ መቆጠብ ግድ ሆኖ ነበር፤ ጥንቃቄውን በሙያዬም በእምነቴም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ቅዳሴን በስልክ መከታተል የለመዱ አሉ። ለታመመና ለአቅመ ደካማ መልካም ነው፤ ለጤነኛ ወጣት ግን አይበቃም። ፈሪ ሰው ብቻውን ሲጸልይ የራሱን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ በቅዳሴ መካከል ግን እርሱ ቢያቅተው እንኳ «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚሉ ሌሎች አሉለት። አባቶቻችን ቸነፈር፣ ድርቅና ጦርነት ሲመጣ ምሕላ የያዙት በማኅበር ነው።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። በቲክቶክና በዩቲዩብ ቀን ቆጥሮ ጥፋት የሚያውጅ፣ ራእይ አየሁ እያለ የሚያስፈራራ ሁሉ እምነታችሁን አያሳድግም፤ ተከታዩን ያበዛል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» ብሎ የጻፈለት ለወጣት አገልጋይ ነበር። አድምጣችሁ ስትጨርሱ ከትናንት የበለጠ እየፈራችሁ ጎረቤታችሁን የምትጠሉ ከሆነ ድምፁ ከየት እንደመጣ ጠርጥሩ።

ጎረቤትን ካነሣሁ አይቀር በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ፍርሃት ሰውን ወደ ራሱ ወገን ይሰበስበዋል፤ በድሬዳዋ ደግሞ በር ለበር የሚኖሩት፣ በአንድ ዕድር የሚቀብሩት ክርስቲያንና ሙስሊም ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲያዳርስ ትዝ ይላችኋል። ብዙ ሰው ባይገድልም መገጣጠሚያን ጨምድዶ ቤተሰቡን በሙሉ አልጋ ላይ ያውል ነበር፤ ሰዎች በሽታውን ስለማያውቁት ፍርሃቱ ከሕመሙ ይብስ ነበር። በቀን የምትናከሰው ትንኝ በየቤቱ ባጠራቀምነው ውኃ ውስጥ እንደምትራባ ከታወቀ በኋላ በርሜል የሚከድኑ፣ የተጣለ ጎማ የሚያነሡ፣ ለታመመ ጎረቤት ሾርባ የሚያደርሱ ወጣቶች በየሰፈሩ ነበሩ፤ የማንን በር እንደሚያንኳኩም አይመርጡም ነበር። ከእነርሱ መካከል «ያኔ ነው መጸለይ የቻልሁት» ያለችኝ ልጅ አለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት የምትለምንለት ሰው ስም ስለነበራት መሆኑን ነገረችኝ። «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» የሚለውን የዮሐንስን ቃል ብዙ ሰባክያን ሲተረጉሙት ሰምቻለሁ፤ የእርሷ መልስ በልጦብኛል። ስለዚህ እምነቴ ደክሟል የሚለኝን ሁሉ የታመመ ሰው እንዲጠይቅ እልከዋለሁ፤ «እምነትህ ሲመለስ ሂድ» አልለውም።

አሁን እንደ ነርስ ልናገር። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የልብ ድለቃው፣ ምግብ መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የእምነት መድከም ብቻ ላይሆን ይችላልና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሐሳቡ ከመጣባችሁም ለብቻችሁ አትደሩ፤ በዚያው ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ። «ጸበል እያለ ሐኪም ቤት መሄድ አለማመን ነው» የሚላችሁ ካለ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረውን መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 አንብቡለት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው እዚያው ተጽፏል። በጸበሉ ምክንያት የጀመሩትን መድኃኒት አቋርጠው ብሰው የመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ፤ ጸበሉን የሰጡት አባት አቋርጡ ያላሏቸው ነበሩ።

በመጨረሻ ንስሐ አባታችሁን ታገኟቸው ዘንድ አደራ እላለሁ። ኃጢአታችሁን ስትናገሩ ፍርሃታችሁንም በስሙ ጥሩት፤ ሥራ አጣለሁ ብዬ፣ አባቴ ይሞትብኛል ብዬ፣ ጦርነት ይነሣል ብዬ እፈራለሁ በሉ። አንዳንድ ካህን የሚጠብቀው ሰው በዝቶበት «አትጠራጠር» ብቻ ብሎ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ አትቀየሙት፤ ጊዜ ወዳላቸው ሌላ ቀን ተመለሱ። ንስሐ አባት የሌላችሁም አላችሁ፤ ለእናንተ ከአጥቢያችን ካህናት መካከል ታጋሾቹን አስተዋውቃችኋለሁ። ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ያሳፈረው ካለም ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ይንገራት፤ እሑድ ከኪዳን በፊት ከቤቱ ድረስ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ወዳጃችሁና አባታችሁ፣
ከድሬዳዋ