ጥያቄና መልስ፦ ከኮሌጅ ተማሪ ጎረቤቶቼ ጋር መቀራረቤ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። አላገባሁም፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። በእኛ ፎቅ በሁለት ቤት የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ፤ በአንዱ ሴቶች፣ በአንዱ ወንዶች። ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም አለባቸው። ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል፣ እኔም እጠራቸዋለሁ። የጽዋ ማኅበራችን አባል የሆነች እኅት ግን «መምህርት ሆነሽ ከልጆች ጋር ምን ያዞርሻል?» አለችኝ። አሁን ደግሞ ዐርብ ማታ ለአንደኛው ልደት ጠርተውኛል። ቢራም ይኖራል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከልጆቹ ጋር ቡና መጠጣትሽ ኃጢአት አይደለም። «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» የሚለውን ቃል (1ኛ ቆሮ. 15፥33) የሚጠቅሱልሽ ይኖራሉ። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ ሰዎች የቆሮንቶስን ምእመናን ባወኩበት ጊዜ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 10 ላይ የማያምን ሰው ቢጠራችሁና ብትወዱ ሂዱ ይላል።

ቁም ነገሩ ምን ሆነሽ ትቀርቢያቸዋለሽ የሚለው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ወጣቶችን እንደ ወንድሞች፣ ቆነጃጅትን እንደ እኅቶች በፍጹም ንጽሕና እንዲይዝ አዞታል (1ኛ ጢሞ. 5፥1-2)። አንቺም ታላቅ እኅት ሁኚላቸው። ታላቅ እኅት ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ እኩያ ግን አትሆንም። አንዷ የነገረቻትን ምሥጢር ለሌላዋ አታወራም። አሳይመንት ቢያስቸግራቸው እስኪገባቸው አብራ ትቀመጣለች እንጂ ሠርታ አትሰጥም፤ ያ ሐሰት ነው። ከወንዶቹ አንዱ ብቻውን ቤት ካለ ደግሞ ቡናው ለሌላ ቀን ይቆይ። ልጁን መጠራጠር አይደለም፤ ሁለታችሁንም ከሐሜት መጠበቅ ነው። ከመካከላቸው የአንቺ ተማሪ ቢኖር ኖሮ መልሴ ጠበቅ ይል ነበር። ነጥብ ከምትሰጪው ልጅ ቤት መመላለስ ለሌሎቹ ተማሪዎች ፍትሕ አይሆንም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ከቤተሰብ ርቀው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። አገር ቤት የንስሐ አባት ነበራቸው፤ ቀርተው እንደሆነ የምትጠይቅ እናት ነበረቻቸው። እዚህ «ዛሬ ቅዳሴ ሄድሽ?» የሚል የለም። ስንቱ ቆራቢ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ከቅዱስ ቁርባን ርቋል! ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ከቀጰዶቅያ ወጥተው አቴና ሲማሩ፣ የሚያውቁት መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፦ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህሮቻቸው የሚወስደው። አንዱ ለአንዱ ጠባቂ ሆኖት ነበር። ለእነዚህ ልጆች ያንን መንገድ የምታስታውሳቸው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። እሑድ ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ ስትወጪ የሴቶቹን በር ቆርቆር አድርጊ። «ቅዳሴ እየሄድኩ ነው፤ የምትመጣ አለች?» በይ። ካልመጡ አትቆጪያቸው። ከመጡ የንስሐ አባትሽን አስተዋውቂያቸው፤ በኮሌጃቸው ግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች መንፈሳዊ ኅብረት) ካለም አገናኚያቸው።

ሙስሊሙንና ፕሮቴስታንቱን በቡና መሐል ክርክር አትግጠሚያቸው። ስለ እምነትሽ ከጠየቁሽ በየዋህነት መልሺ። ምግብ ላይ የሥጋው ነገር እንዳያስቸግር ሽሮና ምስር ይሠራ፤ ሁሉንም ያስማማል።

ወደ ልደቱ ልመለስ። ሂጂ። ዐርብ ጾም ስለሆነ ቀደም ብለሽ «ኬኩን እኔ ልግዛ» በያቸው፤ የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ አለ። ኦርቶዶክሶቹ ልጆችም በዚያው ጾማቸውን ይጠብቃሉ። ቢራውን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ስካርን ነው (ኤፌ. 5፥18)። አንቺ ግን በእነሱ ፊት ባትጠጪ እመርጣለሁ። ልጆች ታላቃቸውን ያያሉ፤ ወንድምን የሚያሰናክል ነገር አለማድረግ መልካም ነው ተብሏልና (ሮሜ 14፥21)። ለስላሳ ያዢ፣ መርቂው፣ መጠጡ ሲበዛ ተሰናብተሽ ግቢ።

የጽዋ እኅትሽን አትቀየሚያት። ለክብርሽ አስባ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቡና እሷንም ጥሪያት፤ ልጆቹን ትተዋወቃቸው።