ፔሊካኑ ለምን ፌስታል መሰለ?

አንድ ወጣት አንባቢ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያነሳቸውን የፔሊካን ፎቶዎች ልኮልኛል። ካሜራው ካኖን ነው፣ ሌንሱ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር። «ውሃው አምሮ ወጣ፤ ወፉ ግን ሐይቅ ላይ የተጣለ ነጭ ፌስታል መሰለ። ፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም ላይ ሃይላይቱን (ደማቁን ክፍል) ብጎትት ብጎትት ግራጫ ሆነ እንጂ ላባው አልመጣም። ሌንስ ልቀይር?» ይላል።

አትቀይር ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ሌንሱ ምንም አላጠፋም።

ካሜራህ ፔሊካን አያውቅም። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ነው የሚታገለው። አንተ የላክኸው ላይ አብዛኛው ፍሬም ጠቆር ያለ ውሃ ነው፤ ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ጨመረ፣ ውሃው አማረ፣ ነጩ ላባ ተቃጠለ፣ ነጥቶ ዝርዝሩ ጠፋ ማለት ነው። ወፉ ቀርቦ ፍሬሙን ቢሞላው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነበር፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስልህ ነበር። ፀሐይዋ ያው ሆና ሳለ ወፉ በቀረበና በራቀ ቁጥር ብርሃኑ የሚዋዥቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ ማንዋል ግባ፣ ብርሃኑን ራስህ ወደምትወስንበት። ፀሐይዋ ደመቅ ካለች ከአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ከኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና ከ1/2500 ሰከንድ (የሹተሩ ፍጥነት) ጀምር። ሜኑው ውስጥ ሃይላይት አለርት የሚለውን አብራ፣ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ ያሳይሃል። አንድ አንሳና እየው፤ የወፉ ጀርባ ብልጭ ድርግም ካለ ሹተሩን አፍጥን፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ አትንካው። ውሃው ቢጨልምብህ አይድነቅህ፣ እሱ በኋላ ይነሳል። ደመና ሲመጣ ግን እንደገና ለካ። እኔ ራሴ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የዓሣ አንጀት ሲሻማ በጥላ አንስቼ፣ ሴቲንጉን ሳልመልስ ፀሐይ ላይ ወደቆመ ነጭ ሳቢሳ ወፍ ዞርኩና አንድ ጠዋት ሙሉ ያነሳሁትን ጣልኩት።

በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሳ ደግሞ። ተጨምቆ በሚቀመጠው ጄፔግ ላይ አንዴ የነጣ ነገር የለም ማለት ነው፤ አንተ ስትጎትት ግራጫ የሆነው የሚጎተት ነገር ስላልነበረ ነው።

ሰዓቱም አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ። ረፋድ ላይ ውሃው ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፣ ያኔ የሩቅ ወፍ በየትኛውም ሌንስ ጥርት አይልም። ቁመህም አታንሳ፤ ፌስታል አንጥፈህ ተኛ፣ ዓይንህና ዓይኑ እኩል ይሁኑ። ለመቅረብ ብለህ ግን ውሃው ውስጥ እንዳትገባ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ ቁጭ ብትል ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ወፉ መብላቱን ትቶ አንገቱን ቀጥ ካደረገ ቀርበህበታል ማለት ነው፣ እዚያው ርጋ። ጎጆ አካባቢ ከሆነ ጭራሽ ተወው።

ኤዲቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አድማሱን አስተካክል፣ ሐይቅ ሲንጋደድ ያስጠላል። ሃይላይት ከ30 እስከ 50 ቀንስ፣ ሻዶው (ጨለማውን ክፍል) ትንሽ አንሳ። ክላሪቲ (የዝርዝሩን ንፅፅር የሚያጎላውን) አታብዛ፣ ላባውን ሽቦ ያስመስለዋል። ሻርፕኒንጉን (ማጥሪያውን) በማስኪንግ፣ የት እንደሚያርፍ በሚወስነው፣ ወፉ ላይ ብቻ አስቀረው፣ ውሃው ለስላሳ ይሁን። ቀለሙን ደግሞ ነጭ ይሁን ብለህ ሰማያዊ አታድርገው፤ ፔሊካን በመራቢያው ወቅት ሮዝ ቢጤ ጣል ያደርግበታል፣ ያን ማጠብ ነውር ነው። ክሮፕ አትፍራ፣ ካሜራህ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ ቁመቱንም ጎኑንም በግማሽ ብትቆርጠው 6 ሜጋፒክስል ይተርፍሃል፣ ለኤፎር ወረቀት ይበቃል።

ከላክሃቸው ውስጥ አራተኛዋን እንዳትሰርዛት። እሷን ስታነሳ ደመና ሸፍኖልህ ነበር መሰለኝ፣ ክንፉ ላይ የላባው መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ግራ በኩል ያለችውን ጀልባ ቁረጥና መልሰህ ላክልኝ።