ጥያቄና መልስ፦ ጀልባ፣ የረጋ ውሃና ረጅም ኤክስፖዠር

ክረምቱ ወጥቶ በጅማ አካባቢ ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የጀልባ ፎቶ ጥያቄ ይበዛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ገጥሜ 30 ሰከንድ አነሳለሁ። ውሃው ይለሰልሳል፣ ጀልባው ግን ይደበዝዛል። ችግሩ ፎከስ ነው? (ከሄርማታ)

አይደለም። ዳር ያለው ድንጋይ ጥርት ብሎ ከወጣ ፎከሱም ትራይፖዱም ደህና ናቸው፤ የተንቀሳቀሰው ጀልባው ነው። በአንድ ገመድ የታሰረ ጀልባ ውሃው የተኛ ቢመስልም ቀስ እያለ ይዞራል። ስለዚህ የኤክስፖዠሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ) ርዝመት የሚወስነው ጀልባው እንጂ ውሃው አይደለም።

ከማንሳትዎ በፊት የጀልባውን የፊት ጫፍ ማዶ ካለ ዛፍ ጋር አስተያይተው እስከ 10 ይቁጠሩ። ፈቀቅ ካለ 30 ሰከንድ አይታሰብም። ከዚያ በግማሽ፣ በ1፣ በ2 እና በ4 ሰከንድ ያንሱና ገመዱ ጀልባው ላይ የተቋጠረበትን ቦታ በስክሪኑ አጉልተው ይዩ። የገመዱ ፈትል መለየት ካቃተ አልፈዋል፤ ከእሱ በፊት ያለው ነው ልክዎ። በረጋ ውሃ ላይ ያለው ሞገድ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሰከንድ ይበቃዋል። ለዚህ ደግሞ ባለ 6 ስቶፕ ፊልተር ይሻላል፦ ያለ ፊልተር 1/30 ሰከንድ የነበረው በባለ 6 ስቶፕ 2 ሰከንድ፣ በባለ 10 ስቶፕ ግን 34 ሰከንድ ይሆናል።

ባለጀልባውን አስፈቅደው ፊቱንም ኋላውንም ማሳሰር ከተቻለ ጥሩ ነው። ፊቱ ጭቃው ላይ ወጣ ብሎ የተቀመጠ ጀልባ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ከተቀመጠበት ግን ትንፋሹ ራሱ ያወዛውዘዋል፤ ከግማሽ ሰከንድ አይለፉ።

ፊልተር የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ነው። (ከአጋሮ)

ጎህ ሲቀድ ፊልተር አያስፈልግም። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በጥቅምት መጨረሻ 12፡20 ገደማ፣ በጥር መጨረሻ 12፡50 ገደማ ትወጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ወገግታው ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ ቀድመው ስልኩን ትራይፖድ ላይ መግጠሙን ይጨርሱ። ፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅ የሚያስተካክሉበት) ካለው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ ዝቅተኛው አውርደው ከግማሽ ሰከንድ ይጀምሩ። ሰማዩ ነጥቶ ዝርዝሩ ከጠፋ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥሩ። ሲያነሱ በጣት አይንኩት፣ ታይመር ይጠቀሙ። ብርሃኑ በየጥቂት ደቂቃው እጥፍ እየሆነ ስለሚሄድ ቅንብሩን ደጋግመው ይመልከቱ።

ዳሩም ዛፉም ጀልባውም አብረው ይደበዝዛሉ። ትራይፖዴ ግን ጠንካራ ነው። (ከሰኮሩ)

ትራይፖዱ እየሰመጠ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወው ጭቃ ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ ቢሆንም ከስር ርጥብ ነው። በየእግሩ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ ያድርጉ፣ ወደታች ይጫኑት፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። የመሃሉን ምሰሶ ወደ ላይ አይሳቡ። ክብደትዎ ጭቃውን ስለሚገፋ ሸተሩ ተከፍቶ ሳለ ከቆሙበት አይነቃነቁ፤ ታይመሩም 10 ሰከንድ ይሁን። ሌንስዎ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለው ያጥፉት፤ ትራይፖድ ላይ አንዳንዴ ራሱ ምስሉን ያንቀሳቅሳል።

የጀልባው ነጸብራቅ ለምን ይጠፋል? (ከጅሬን)

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ገጥመው ከሆነ እሱ ነው፤ ነጸብራቁ እስኪመለስ ያዙሩት። ካልሆነ ሰዓቱ ረዝሟል። ረጅም ኤክስፖዠር የሞገዱን እንቅስቃሴ ደራርቦ ነጸብራቁን ወደታች ይጎትተዋል፣ ጠርዙም ይሟሟል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንደ መስታወት የተኛ ውሃ ካገኙ በ1/60 ያንሱት። ያን ውሃ ማለስለስ ማበላሸት ነው።

ፊልተሩ ፎቶውን ያቀልማል። ውሃውም ቡናማ ነው። (ከሄርማታ)

ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶ አውጥተው 5500 ኬልቪን ላይ ያቁሙና በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) ያንሱ፤ የፊልተሩን ቀለም በኋላ ያስተካክሉታል። የውሃው ቡናማነት ግን ከክረምቱ ጎርፍ የመጣ አፈር ነው፤ ይተዉት። ሰማያዊ የተደረገ የጊቤ ውሃ ያስታውቃል።

ቦዬ (ጅማ ዳር ያለው ረግረጋማ ሐይቅ) ለመለማመጃ ይሆናል? (ከከተማው)

ለከተማው ቅርብ ነው፣ ጉማሬ ግን አለበት። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል፤ እርስዎ ካሜራ በሚተክሉበት ሰዓት ማለት ነው። ብቻዎን አይሂዱ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዘው ሳሩ ውስጥ የተረገጠውን የጉማሬውን መንገድ ይጠይቁ። በጉማሬውና በውሃው መካከል ትራይፖድ አይተከልም። ጊቤ ላይ ደግሞ ካሜራዎን ወደ ግድቡ ግንብ ከማዞርዎ በፊት ጥበቃዎቹን ያስፈቅዱ።