የወንበር ብዛት አያታልላችሁ

ፖለቲካና ሕግ ለምትወዱ ወጣቶች፣

ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። የአንድ ትንሽ አገር ተወካዮች ብዙ አገር በተሰበሰበበት ፓርላማ ገብተው ምን ሊፈይዱ ነው? ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። ማልታን ውሰዱ። በአውሮፓ ፓርላማ ካሉት 720 ወንበሮች የማልታ 6 ብቻ ናቸው። የጀርመን 96 ናቸው። በእጅ ብልጫ ይለይ ከተባለ ስድስት ሰው የት ይደርሳል?

በሕግ ሙያ ስኖር የፓርላማ ሰነድ ሳገላብጥ ነው ያረጀሁት። ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አቀማመጣቸውን ልብ በሉ። ተወካዮቹ በአገር በአገር አይቀመጡም፤ በፖለቲካ ቡድን ነው። አንድ ቡድን ለማቋቋም ቢያንስ ከ7 አገሮች የተውጣጡ 23 አባላት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የማልታ ሌበር ፓርቲ ተወካይ የሚመክረው ከስፔን ሶሻሊስት ጋር ነው፤ ተቃዋሚው የአገሩ ልጅ ሌላ ቡድን ውስጥ ነው ያለው። ሐሳቡን የሚጋራ የሌላ አገር ሰው ያላፈራ ተወካይ እዚያ ብቻውን ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ በ24 ቋንቋ ይተረጎማል። ኮሪደር ላይና ቡና ላይ ግን አስተርጓሚ የለም። ቋንቋ ተማሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳያችሁ የጠቅላላ ጉባኤ ንግግር ብዙውን ጊዜ ከአንድና ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ኮሚቴው ከአባላቱ አንዱን ሪፖርት አቅራቢ አድርጎ ይመድባል። ያ ሰው ረቂቁን መስመር በመስመር ያነባል። የማሻሻያ ሐሳቦችን ይሰበስባል። ከሌሎች ቡድኖች ጋር ይደራደራል። በኋላም መንግሥታቱን ከሚወክለው ምክር ቤት ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ያን ፊሊፕ አልብሬክት በ2009 ሲመረጥ ገና 26 ዓመቱ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ረቂቅ በ2012 ሲቀርብ ሪፖርት አቅራቢ የሆነው እሱ ነው። ወደ 4000 የሚጠጉ የማሻሻያ ሐሳቦች ጎረፉበት። እስቲ አስቡት፣ እያንዳንዷ ሐሳብ ባለቤት አላት፤ እያንዳንዱም ባለቤት የኔ ካልገባ ይላል። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። ሕጉ በ2016 ጸደቀ፣ በ2018 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ አውሮፓ ያለ ሰው ድርጅቶች የያዙትን መረጃውን እንዲያሳዩት መጠየቅ ይችላል። እንዲያጠፉለት የሚጠይቅበት መብትም አለው። ከአውሮፓ ውጭ ያለ ኩባንያ እንኳ እዚያ ላሉ ሰዎች አገልግሎት ከሸጠ ሕጉ ይይዘዋል። ጉዳዩን ጠንቅቆ ያወቀ ወጣት እንዲህ ያለ ቦታ ይደርሳል። እናንተም አንድ ዘርፍ ምረጡ፤ ውኃ ይሁን፣ ጉምሩክ ይሁን፣ የስደተኞች ሕግ ይሁን፣ እስከ ጥግ እወቁት። በሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት የሚናገር ሰው ኮሚቴ ውስጥ ሰሚ የለውም።

ወደ ማልታ ልመለስ። ሮቤርታ ሜትሶላ በ2004 ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። በ2009ም እንደዚያው። በመካከሉ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የአውሮፓ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤቶች ባሉበት ብራስልስ በሕግ አማካሪነት ይሠሩ ነበር። በ2013 ፓርላማ ገቡ። በጥር 2022 የፓርላማው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ስድስት ወንበር ካላት አገር ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነውና። የአፍሪካ ኅብረት ፓርላማ የሆነው የፓን አፍሪካ ፓርላማ በመጋቢት 2004 አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ነው። ትልቅም ትንሽም አገር እኩል 5 ተወካይ ይልካል፤ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ስብጥሩም በየአገሩ ምክር ቤት ያለውን የፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማንጸባረቅ እንዳለበት መሥራች ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም አገሮቹ ፓርላማውን ለማቋቋም የተስማሙበት ሰነድ፣ ይደነግጋል። የሚመርጣቸው ግን ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም፤ የየአገሩ ምክር ቤት ነው። በአገሩ ምክር ቤት ወንበሩን ያጣ ሰው እዚያም ያጣል። ፓርላማው ሲቋቋም የተሰጠው ሥልጣንም የማማከር ብቻ ነው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዲኖረው በ2014 ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ማላቦ ላይ ሌላ ፕሮቶኮል ተቀርጿል፤ እሱ ሥራ ላይ የሚውለው 28 አገሮች ሲያጸድቁት ነው።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው እንዳትሉኝ። የአውሮፓውም በ1952 ሲጀመር አባላቱ ከየአገሩ ምክር ቤት የተላኩ ነበሩ። ሕዝቡ በቀጥታ የመረጣቸው በ1979 ነው። የኛም መሥራች ፕሮቶኮል የመጨረሻ ግቡ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ አባላት ያሉት ሕግ አውጪ ፓርላማ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ግቡ ተጽፏል፤ የሚቀረው የሚገፋው ሰው ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሩ። አገራችሁን የሚወክሉት አምስቱ እነማን እንደሆኑ እወቁ። የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ፣ ምን ሐሳብ እንዳቀረቡ፣ ሲመለሱ ለላካቸው ምክር ቤት ምን ሪፖርት እንዳደረጉ ጠይቁ። በአፍ ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ አስቀምጡ።