ያለ ፎም የሚመች መላጨት፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የጢም መላጫ ፎም ዋጋው አልቀመስ ስላለ በምን እንተካው የሚሉ ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ጢምን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው፤ ፎሙ አይደለም። የፎሙ ሥራ ውሃው ከጢሙ ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ መያዝና ምላጩ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚሠራ ነገር ሁሉ ፎምን ይተካል፤ የማይሠራ ነገር ደግሞ የቱንም ያህል ቢያረፋ አይጠቅምም።

ደሴ፦ በገላ ሳሙና ስላጭ አረፋው ግማሽ ፊቴን ሳልጨርስ ይደርቃል፤ ከዚያ ፊቴን ይለበልበኛል። ጥፋቱ የሳሙናው ነው?

በከፊል አዎ። የገላ ሳሙና የተሠራው ቶሎ አረፋ አውጥቶ ቶሎ እንዲታጠብ ነው። አረፋው ትልልቅና አየር የበዛበት ስለሆነ ሲፈነዳ ቆዳው ባዶውን ይቀራል። በዚያ ላይ ሳሙና አልካላይ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይ መጠን መለኪያው) ከ9 እስከ 10 አካባቢ ሲሆን የቆዳችን ግን 5.5 ገደማ ነው። ምላጭ በነካው ቆዳ ላይ ሲቆይ የሚለበልበው ለዚህ ነው።

መላው ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ነው። መጀመሪያ ፊትዎን በሙቅ ውሃ ይታጠቡ፤ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው ከጨመቁ በኋላ ጢምዎ ላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያቆዩት። በደሴ የጠዋት ብርድ ይህን መዝለል ያምራል፤ እባክዎ አይዝለሉት። ውሃ የጠጣ ጢም ከደረቅ ጢም በጣም ባነሰ ኃይል ይቆረጣል። ቀጥለው እርጥብ ብሩሽ ሳሙናው ላይ ለ30 ሰከንድ ያሽከርክሩ፣ በትንሽ ሳህን ውስጥ ከ4 ወይም 5 ጠብታ ግሊሰሪን ጋር ይምቱት፣ ውሃ በጠብታ በጠብታ ይጨምሩ። ትልልቆቹ አረፋዎች ጠፍተው ላዩ ማብረቅረቅ ሲጀምር ደርሷል። ነጭና ደረቅ ሆኖ ከቆመ ውሃ አንሶታል፤ ከብሩሹ ላይ ከተንጠባጠበ በዝቶበታል። ፊትዎን በሙሉ አንዴ አይቀቡ፤ አንዱን ጉንጭ ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ። ሲጨርሱ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃለቁ።

ደላንታ፦ ተልባ ቀቅለው ፀጉራቸውን የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ለጢምስ ይሆናል?

ይሆናል ብቻ አይደለም፤ በእኛ ግምት በወሎ ጓዳ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ተልባ ሲቀቀል የሚለቀው ልጋግ ውሃ ይይዛል፣ ያንሸራትታል፣ ሽታ የለውም፣ ምላጭ አይደፍንም።

ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ ይጠቀሙ። የተቆላው ልጋጉን እንደ ጥሬው አይለቅም፤ የተፈጨው ደግሞ አይጠለልም። 2 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ1 ብርጭቆ ውሃ (ሩብ ሊትር) ጥደው በመካከለኛ እሳት እያማሰሉ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ያብስሉት። ማንኪያውን ብድግ ሲያደርጉ ፈሳሹ እንደ እንቁላል ነጭ ክር ሠርቶ ከተንጠለጠለ ወዲያው ያውርዱት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ትንሽ ይወፍር» ብለው ሲያቆዩት ልጋጉ ፍሬውን ይዞ አልለቅም ይላል። እንዲህ ከሆነ ፈላ ያለ ውሃ ሩብ ብርጭቆ ጨምረው ያማስሉት። ትኩስ እንዳለ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም በታጠበ የናይለን ካልሲ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አይወርድም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፊትን በሙቅ ውሃ ካራሱ በኋላ ስስ አድርጎ መቀባትና መላጨት ነው። ሲደርቅ ቆዳን ጭምድድ ስለሚያደርግ ጣትዎን ውሃ እየነከሩ ደጋግመው ያርጥቡት። መልኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የጢሙን መስመርና ብጉሩ ያለበትን ቦታ እያዩ ይላጫሉ፤ ይህን ነጭ ፎም አይሰጥም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በደጋው ሁለት ቀን፣ እንደ ከሚሴና ባቲ ባለው ሙቀት ከአንድ ቀን አያሳልፉት። ከኮመጠጠ ወይም ከቀጠነ ይድፉት።

ቆቦ፦ በጉድጓድ ውሃችን ሳሙና አረፋ አያወጣም። ሳሙና ብቀያይርም ያው ነው።

ሳሙና መቀያየሩን ይተዉት፤ ችግሩ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ለማረጋገጥ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ውሃ ሞልተው ጥፍር የሚያህል የሳሙና ፍቅፋቂ ይጨምሩና ለ10 ሰከንድ ይናጡት። ውሃው ደፍርሶ ነጭ ቅንጥብጣቢ ካሳየ ማዕድን በዝቶበታል ማለት ነው። ያ ቅንጥብጣቢ ምላጭና ቆዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ውሃውን ማፍላት ከፊሉን ማዕድን ያስወጣል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ስለዚህ አፍልተው፣ አስቀምጠው፣ ከላይ ያለውን ቀስ ብለው ይቅዱ። በክረምት ከሆነ ጣሪያው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል። ሌላው መንገድ ሳሙናን ጨርሶ መተው ነው፤ ተልባም የፀጉር ኮንዲሽነርም እንዲህ አይቋጠሩም።

ኮምቦልቻ፦ የባለቤቴን የፀጉር ኮንዲሽነር ብጠቀምስ?

ጥሩ ይሠራል። የአንድ ሻይ ማንኪያ ያህል እርጥብ ፊት ላይ ቀብተው አንድ ደቂቃ ያቆዩት። ከሳሙና ጋር ግን አይደባልቁት፤ የሁለቱ ኬሚካሎች ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣመሩና ሁለቱም ሥራቸውን ያጣሉ።

ባቲ፦ ቅቤ ወይስ ዘይት?

ዘይት፤ እሱም ለብቻው ሳይሆን ከተልባ ወይም ከሳሙና ሥር። በረጠበ ፊት ላይ ከ3 እስከ 5 ጠብታ የሰሊጥ ወይም የጉሎ ዘይት ይበቃል። ሲበዛ ምላጩ ውስጥ ከተቆረጠው ጢም ጋር ይጋገራል፤ በተለይ ሦስትና አራት ምላጭ ያለው መላጫ ቶሎ ይደፈናል። በየመሐሉ ሳሙና ባለበት ሙቅ ውሃ ያራግፉት። ጥሬ ቅቤ አይመከርም፤ ውስጡ ያለው አሬራ ይኮመጥጣል፣ በውሃም አይለቅም። ብጉር የሚወጣበት ሰው የኮኮናት ዘይትንም ይተው።

ወልድያ፦ እንዶድስ? ሸማ የሚያነጣ ነገር ፊትን እንዴት አያጸዳም?

ለፊት አይሁን። እንዶድን የሚያስረፋው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ጠንካራ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ዓይንና አፍንጫን ክፉኛ ያስቆጣል፣ በምላጭ የተነካ ቆዳንም አይምርም። የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽና የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ይቅሩ። እሬት የሚጠቀሙ ቅጠሉን ቆርጠው ለ15 ደቂቃ በቁሙ በማቆም ቢጫው ፈሳሽ እንዲወርድ ያድርጉ፤ የሚያሳክከው እሱ ነው። የውስጡን ጥርት ያለ ልጋግም አስቀድመው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ይሞክሩት።

ሐይቅ፦ 17 ዓመቴ ነው። በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ሽፍ ይልብኛል። የትኛው ፎም ይሻለኛል?

አብሽር፤ ብዙ ሰው ያለበት ነገር ነው። ግን ፎም መቀየር ብቻውን አያድንህም። የተጠቀለለ ፀጉር ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፣ ሲያድግ ተጠማዞ ወደ ቆዳ ይመለሳል፤ ሽፍታው የሚመጣው ከዚያ ነው። በጣም አስጠግቶ መላጨት ያባብሰዋል። ስለዚህ ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ያዝ፤ ቆዳህን አትወጥር፤ ጢሙ ወደበቀለበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ አሳልፍ፤ አትጫን። የአንገት ጢም አበቃቀሉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መጀመሪያ በጣትህ ዳስሰህ አቅጣጫውን ለይ። አሁን ካበጠ ለአራት ሳምንት ያህል ምላጭ አታስነካው፤ አስፈላጊ ከሆነ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር አስቀርተህ ከርክም። መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ እየሆነ ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ከሚሴ፦ ፀጉር ቤት አለኝ። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ብሩሽና አንድ ሳሙና እጠቀማለሁ። ተልባው ለሥራ ቦታ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ብሩሹን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ብሩሽ ከአንዱ ፊት ደምና ቆሻሻ ወደ ሌላው ይወስዳል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ምላጭ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ይሁን፣ እሱ እያየ ከወረቀቱ ይውጣ። እጀታውን በሳሙና ካጠቡ በኋላ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ባለው ድብልቅ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ብረት ስለሚበላ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይለቅልቁት። ድብልቁን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ተልባውን ጠዋት አብስለው በክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በንጹሕ ማንኪያ ወደ ትንሽ ሲኒ ይቅዱ፤ የተረፈውን ወደ ዕቃው አይመልሱ።