የሜይ ጎርፍ በማርች ነው የሚሠራው
በሰሜን መንገዶች ጥገና ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ ካልቨርቱ (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ) በበረዶ እየተደፈነ ካስቸገረ ለምን ሰፊ ቱቦ አይቀበርም?» አለኝ። ጥያቄው የዳልተን ሀይዌይን ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ይህ የአላስካ መንገድ 666 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ለነዳጅ ቧንቧው ግንባታ በጥድፊያ ተሠራ። በሰሜን ጫፉ፣ ዴድሆርስ በምትባለው ሰፈር አጠገብ ከሳጋቫኒርክቶክ ወንዝ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ያኔ ከሜዳው ብዙም ከፍ አላለም ነበር። ጥልቀት የሌለው ወንዝ እስከ ታች ጠጠሩ ድረስ ሲረጋ፣ ማለትም በረዶ ሲሆን፣ ከሥር የሚመጣው የምንጭ ውሃ አይቆምም። መውጫ ሲያጣ በረዶውን ሰንጥቆ ላዩ ላይ ይፈስሳል፣ በስሱ ይረጋል፣ እንደ መሶብ እንጀራ ይደራረባል። በ2015 ማርችና ኤፕሪል ላይ ቁልሉ ከመንገዱ በለጠ፤ ውሃውም ጠጠሩን መንገድ አለበሰው። በረዶው ውስጥ ቦይ ተቆፈረ፣ ዳርና ዳሩ ተከለለ። ሜይ ላይ በረዶው የሚቀልጥበት ጊዜ ሲደርስ የወንዙ መሄጃ በበረዶ ስለተሞላ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ አለፈ። መንገዱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ፤ ለነዳጅ ካምፖቹ ስንቅ በአውሮፕላን ተጋዘ። ሰው የሚያወራው ስለ ሜይ ነው፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን ማርች ነው። መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ አገር ቱቦ የሚሰላው ለነሐሴ ዝናብ ነው፤ በጋውን ባዶውን ቢከርም ግድ የለም። እዚያ ግን ጠላቱ ቀጭኗ ምንጭ ናት። ሰፊ ቱቦ ውስጥ ውሃው በስሱ ስለሚነጠፍ ቶሎ ይረጋል። ከዋናው ቱቦ በላይ ሁለተኛ ቱቦ መቅበር ይሻላል፤ የታችኛው ሲደፈን የላይኛው የጸደዩን ውሃ ያሳልፋል።

መንገዱም ራሱ ጥፋት አለበት። ስኖው፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ፣ ምድርን ከብርድ ይጋርዳል፤ እኛ ግን እንጠርገዋለን። ብርዱ በተጠቀጠቀው የመንገዱ አፈርና ጠጠር ሙሌት ውስጥ ጠልቆ ይገባና የከርሰ ምድሩን ውሃ ይገድባል፤ ውሃውም ከመንገዱ ሽቅብ፣ በሚመጣበት በኩል ይፈነዳል።

የደፈነውን በረዶ ለማቅለጥ በካልቨርቱ ጣሪያ ሥር ቀጭን የብረት ቧንቧ ይታሰራል። ሁለቱ ጫፎቹ በረዶው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ወጥተው በክዳን ይጠብቃሉ። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የውሃውን መውጫ በኩል ቆፍሩ። ከመግቢያው በኩል ከጀመራችሁ የገባው ውሃ መሄጃ አጥቶ መልሶ ይረጋል። ከዚያ ውሃ ከሚያፈላው የቦይለር መኪና እንፋሎት በቀጭኑ ቧንቧ ስደዱ። በበረዶው ውስጥ የሚከፈተው ቀዳዳ ዳር እስከ ዳር ከዘለቀ ይበቃል፤ የቀረውን ወራጁ ውሃ ራሱ ያሰፋዋል። ብርዱ ሳይሰበር የሚጀምር ሰው ግን ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሌሊቱን ተመልሶ ይደፈናል።

የዛሬ ልጆች ድሮን ታስነሡና ጨረስን ትላላችሁ። ድሮን ከስኖው ሥር ያለ ክዳን መጥፋቱን አያሳያችሁም። ቢሆንም ፎቶውን በየሳምንቱ አንሡ፤ ቁልሉ ወደየት እንደሚሰፋ በእግር ዞሮ ማወቅ ከባድ ነው።

ብርዱ ሳይገባ ግን በእግራችሁ ሂዱ፦ ክዳኖቹን አጥብቁ፣ በየካልቨርቱ ጫፍ ረጅም ምልክት ትከሉ። ምልክት የሌለውን ቧንቧ የስኖው መጥረጊያው ምላጭ ይጎምደዋል፤ ክዳን በሌለው ውሃ ገብቶ ይረጋል፣ ያኔ እንፋሎቱ የሚገባበት የለም።